መንፈስ፣ ዱካክ፣ ቡዳ፦ ጎንደር ያደግን ሰዎች እስኪ በግልጽ እንነጋገር

ነርሷ ከማራኪ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጉዳይ ሳነሳ የሚቆጣ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ዝም ማለት ከበደኝ።

የምሠራው ሕክምና ላይ ነው። የት እንደሆነ ይቆየን። በቅርቡ አንዲት ልጅ ከገጠር ይዘዋት መጡ። ትወድቃለች፣ ትንፈራገጣለች፣ አረፋ ትደፍቃለች፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጥላታል። ክረምቱን ሙሉ ሲያጥኗት ነው የከረሙት። ከአፍንጫዋ ሥር የቃጠሎ ጠባሳ አለ። በወደቀች ቁጥር ክብሪት እየለኮሱ ያሸቷታል። እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። ለልጇ የማትሆነው የለም፤ አድርጊ የተባለችውን ሁሉ አድርጋለች። የልጅቷ ችግር የሚጥል በሽታ ነው። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ደህና ናት።

እኔ ራሴ አማኝ ነኝ። ጠበል እጠመቃለሁ፣ ሰንበት አላጓድልም። በልጅነቴ «በቀትር ቀሃ ወንዝ አትውረጂ፣ ይለክፍሻል» እየተባልሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ መንፈስ የሚባል ነገር የለም ልላችሁ አልመጣሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሌሊት ደረት ላይ የሚወጣ ነገር ሲመጣ፣ ልጅ ስትወድቅ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ድምፅ ሲሰማ፣ ወዲያው «መንፈስ ነው» የምንለው በምን አውቀን ነው? ደግሞስ ካልን በኋላ የምናደርገው ነገር የተቸገረውን ሰው ይጠቅመዋል ወይ?

ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ የምታምኑትን ጻፉ። አንዱ በሌላው እንዳይስቅ አደራ።


የግንቡ ጎረቤት

እህቴ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ።

አባቴ የሌሊት ጥበቃ ነበር፣ ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ። ወታደር የነበረ ሰው ነው፤ በቀላሉ የሚደነግጥ አይደለም። ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ከግንቡ በኩል የሚያቃስት ድምፅ ይሰማ እንደነበር ይነግረን ነበር። ረጅም፣ ሲጥ የሚል ትንፋሽ። የታመመ ሽማግሌ እንደሚተነፍሰው። አንድ ሌሊት ባትሪውን ይዞ ቅጥሩን ተጠጋ። ድምፁ ቆመ። ዞር ሲል ከኋላው ጀመረ። የእግር ኮቴ የለ፣ ቅጠል አልተንኮሻኮሸ። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ ድምፁ ዝቅ ይላል።

ይህች ከተማ ያየችውን ደግሞ አስቡት። ዐፄ ኢዮአስ እ.ኤ.አ. በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን በሻሽ ታንቀው ተገደሉ። ዘመነ መሳፍንት ከዚያ ተከተለ። ኢጣሊያ ግቢውን የጦር ማዘዣ አደረገው፣ እንግሊዞች በ1941 እ.ኤ.አ. በቦምብ ደበደቡት። ከዚያ ደግሞ ቀይ ሽብር መጣ። ደም የፈሰሰበት ቦታ ዝም አይልም ብዬ አምናለሁ። ይህን ሳይንስ በምን ይለካዋል?


ፊዚክስ አስተማሪው

ወንድሜ፣ አባትህ አልሰማም አልልም። ሰምቷል። የምንለያየው የሰማው ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው።

ፊቱ ነጭ የሆነ፣ ልብ የሚመስል ክብ ፊት ያለው የጉጉት ዓይነት አለ። የአሮጌ ግንብ ቀዳዳ ይወዳል። ሌሎች ጉጉቶች እንደሚጮኹት አይጮኽም፤ ሲጥ ብሎ ነው የሚጮኸው። ጫጩቶቹ ደግሞ እናታቸው ምግብ እስክታመጣ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያንኮራፋ ሰው ይተነፍሳሉ። ሰው ሲጠጋ ዝም ይላሉ። ትልቁ ሲበር ክንፉ ድምፅ የለውም፣ ላባው እንዲያ ነው የተሠራው። ስለዚህ ፊትህ የነበረው ከኋላህ ሲጮኽ እንዴት እንደዞረ አታውቅም። የአባትህ ታሪክ ላይ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ይገጥማል።

አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ቪክ ታንዲ የሚባል መሐንዲስ ነበር። የሚሠራበት ቤተ ሙከራ መንፈስ አለበት ይባል ነበር። አንድ ማታ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲሠራ ቀዝቃዛ ላብ አሰመጠው፣ የሆነ ሰው ያየው መሰለው። በዓይኑ ጠርዝ ግራጫ ነገር ቆሞ አየ። ዞር ሲል የለም። በማግሥቱ ለስፖርት የሚጠቀምበትን ቀጭን ሰይፍ ለመጠገን በማሰሪያ ወጥሮት ሳለ፣ ሰይፉ ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህ ነው መንገዱን ያሳየው። ተከታትሎ ሲለካ አዲስ የተገጠመ የአየር ማውጫ ማራገቢያ በሰከንድ 19 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ሞገድ ያወጣል። ጆሮ አይሰማውም፣ ሰውነት ግን ይሰማዋል። ማራገቢያውን ሲያስተካክሉት መንፈሱም ጠፋ። ግኝቱን በ1998 እ.ኤ.አ. አሳተመው።

ይህ ለሁሉም ነገር መልስ ነው አልልም። ግን ሰውየው የፈራውን ነገር ሮጦ አላመለጠውም፤ ቁጭ ብሎ ለካው። እኔን የሚያኮራኝ ይህ ነው።

ማስረጃ ስጡን ለሚሉ ደግሞ፣ ጄምስ ራንዲ የሚባለው አሜሪካዊ አስማተኛ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንፈሳዊ ኃይሉን በተስማሙበት ፈተና ፊት ለፊት ላሳየ ሰው ሽልማት አስቀምጦ ነበር። በ1,000 ዶላር ተጀምሮ አንድ ሚሊዮን ደረሰ። እስከ 2015 ድረስ ቆይቶ ማንም ሳይወስደው ተዘጋ።


ዲያቆኑ

መምህር፣ ስለ ጉጉቱ የጻፉት ትምህርት ሆኖኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን በኩል ያለውን ላስቀምጥ፤ ብዙ ሰው የእኛን ትምህርት ከሰፈር ወሬ ጋር ቀላቅሎታልና።

ርኩስ መንፈስ አለ ብለን እናምናለን። ይህን አልደብቅም። በየቀኑ በምንደግመው በመዝሙር 90 ላይ «ከቀትር ጋኔን» የሚል አለ፤ እህታችን በቀትር ቀሃ እንዳትወርድ ያደረጋትም ወሬ ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን የሞተ ሰው መንፈስ በየቅጥሩ ያቃስታል የሚል ትምህርት የለንም። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ወደ ማደሪያዋ ትሄዳለች። የንጉሡ የኢዮአስ ነፍስ በፈጣሪው እጅ ናት እንጂ ግንብ ለግንብ አትዞርም። ሙታን ሳቢና ጠንቋይ ቤት መሄድም በኦሪት ዘዳግም 18 ላይ በግልጽ የተከለከለ ነው። ሳኦል ዓይንዶር ሄዶ ምን እንዳተረፈ እናውቃለን።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያሳዝነኛል። ጠበልና ሕክምና ጠላት ናቸው የሚል ሰው ተነሥቷል። ከየት አመጣው? መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ይክፈት። ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል፣ መድኃኒትንም ከምድር አውጥቷል ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። «መድኃኒትህን ጣል» የሚል አጥማቂ ከራሱ ነው የሚናገረው።


ፊዚክስ አስተማሪው

ዲያቆን፣ ቅንነትህን እወዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ። የወደቀች ልጅ ፊታችሁ ስትመጣ፣ መንፈስ ይሁን በሽታ በምን ትለያላችሁ?


ዲያቆኑ

ብዙ ጊዜ አይለይም፣ መምህር። ስለዚህ ነው በመጀመሪያ ሐኪም ይያት የምንለው። ጸሎት ሐኪም ቤትም ይደርሳል። የሚያስፈራኝ ምንም ሳይጠራጠር «አውቄዋለሁ» የሚለው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ነው የታመመ ሰው በሰንሰለት የሚያስረው።


የፈተና ሰሞን

እኔን የሚያስጨንቀኝ ዱካክ ነው። ተማሪ ነኝ፤ ዶርም ነው የማድረው። ፈተና ሲደርስ ይብስብኛል።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ዓይኔ ተገልጧል። የላይኛውን አልጋ ጣውላ አያለሁ፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን የጓደኛዬን ጃኬት አያለሁ። እጄ ግን አይታዘዝም። ከዚያ በር በኩል የሆነ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሳላየው አውቃለሁ። ቀስ ብሎ ይመጣና ደረቴ ላይ ይወጣል። በስመ አብ ልበል ስል አፌ ተለጉሟል። ከዚያ ድንገት ይለቀኛል፣ ልቤ ሊወጣ ይደርሳል። አንዷ ትራስሽ ሥር ቢላ አድርጊ አለችኝ፤ ሌላዋ የሆነ ደብተራ ክታብ ይጻፍልሽ አለችኝ። ገንዘቡን ላበደር ሁሉ አስቤ ነበር። እባካችሁ የምታውቁት ንገሩኝ።


ነርሷ ከማራኪ

እህቴ አይዞሽ። አላበድሽም፣ ማንም አልደገመብሽም።

ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ያጠፋቸዋል። ባያጠፋቸው ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ እውነትም ተነሥተን እንሮጥ ነበር። አንዳንድ ጊዜ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ጡንቻው ግን ገና ተዘግቷል። ያን ጊዜ ዓይንሽ ክፍሉን ያያል፣ ሕልሙም ገና አላለቀም፣ ሁለቱ ይደራረባሉ። ትንፋሽሽን በፈቃድሽ መሳብ ስለማትችዪ ደረትሽ ላይ ክብደት ያለ ይመስላል። የፍርሃት ክፍሉ ደግሞ ነቅቷል፤ ስለዚህ «አንድ ሰው አለ» ይልሻል።

ከመቶ ሰው ሰባት ስምንቱ በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ ያገኘዋል። ተማሪዎች ላይ ደግሞ ከአራት አንዱን ያልፋል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ በጀርባ መተኛት ያብሰዋል። ጫት የሚቅም ሰው ሲያቆምም በጣም ይመጣበታል፤ አገራችን ውስጥ ይህን የማያውቅ ቃሚ የለም። የሚገርመው፣ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ያሉ ሰዎች ደረታቸው ላይ አሮጊት ትቀመጣለች ይላሉ፤ ጃፓኖች ደግሞ በብረት እንደታሰሩ ይናገራሉ። ሰውነቱ አንድ ነው፣ የሚያየውን ግን ከየሰፈሩ ያመጣል።

በጎንሽ ተኚ። ሰዓትሽን አታዛቢ። ሲይዝሽ አትታገዪው፤ አንድ ጣትሽን ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሪ፣ በልብሽ በስመ አብ በይ። እሱን ማንም አይከለክልሽም። በሳምንት ብዙ ጊዜ ከሆነብሽ፣ ቀን ቀን ድንገት እንቅልፍ የሚጥልሽ ከሆነም ሐኪም ይይሽ። ለክታብ የምትበደሪው ገንዘብ ግን ይቅር።


ፒያሳ ዳር

ስለ ቤት የሚያወራ ስለሌለ እኔ ልጨምር። እኛ ሰፈር አንዲት የኪራይ ክፍል ነበረች። ተከራይ አይበረክትባትም። የገባ ሁሉ ራስ ምታት፣ ቅዠት፣ ሌሊት የሚጠራ ድምፅ። «ሰው የሞተባት ናት» ተባለ። አንዱ ጠበል ረጨ፣ ሌላው ቄጤማ ጎዘጎዘ።

ክፍሏ መስኮት የላትም። ክረምት ሲሆን ሁሉም የከሰል ማንደጃውን አስገብቶ በሩን ይዘጋል። የጎንደር ክረምት ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ በር ከፍቶ የሚተኛ የለም። አንድ ሌሊት ባልና ሚስት ራሳቸውን ስተው ተገኙ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። የከሰል ጭስ አፍኗቸው ነበር። ባለቤቱ መስኮት ካወጣላት ወዲህ ቤቷ ሰላም ናት።

መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ሽታ የለውም፣ መልክ የለውም። አሜሪካ ውስጥም የታወቀ ታሪክ አለ። አንድ ቤተሰብ በ1912 እ.ኤ.አ. አሮጌ ቤት ገብቶ የእግር ኮቴ ሰማ፣ ሰው አየ፣ ልጆቹ ገረጡ። በመጨረሻ የተበላሸ የማሞቂያ ምድጃ ሆኖ ተገኘ። አንድ የዓይን ሐኪም በ1921 በሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው።

እባካችሁ፣ ከሰል አስገብታችሁ አትተኙ። ቤቱ መንፈስ አለበት የተባለ ሰው መጀመሪያ ማንደጃውን ያውጣ።


አዘዞ ያሉ እናት

ልጆቼ፣ እኔ እየነገርሁት የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። የተጻፈውን ሁሉ አንብቦልኛል።

እናቴ ዛር ነበረባት። ሰይፉ ጨንገር ነው ይሉ ነበር። ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጤሳል፣ የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው ያጨበጭባሉ። እናቴ ታጓራለች፣ ራሷን ታዞራለች፣ ድምፁዋ ይለወጣል። ከዚያ ዛሩ ይናገራል። ቀይ ዶሮ አምጡ ይላል። አዲስ ነጠላ ይላል። ፈረሴን አታድክሙብኝ ይላል፤ ፈረሱ እናቴ ናት። አባቴ በሌላ ቀን ቢለምኑት የማይገዛውን ነጠላ ያን ቀን ይገዛል። እናቴም ያን ሰሞን እንስራ አትሸከምም፣ አትሰደብም።

እኔ ንስሐ ገብቸ ያንን ነገር ከቤቴ አውጥቸዋለሁ። ዲያቆኑ ያለውን እቀበላለሁ። ግን እናትሽ ታስመስል ነበር የሚለኝን ሰው አልሰማም። አይቻት አድጌአለሁ። ከዛሩ ስትመለስ የተናገረችውን አታውቀውም ነበር። ድካሟም እውነት፣ እንባዋም እውነት ነበር። መምህሩ ይህን እንዴት ያዩታል?


ፊዚክስ አስተማሪው

እማማ፣ እድሜ ይስጥዎ። እናትዎ አላስመሰሉም ብዬ አምናለሁ። ሰው ራሱን ሳያውቅ ከራሱ ሌላ ሆኖ ሊናገር ይችላል፤ የዓለም የአእምሮ ሕክምና ይህን ያውቀዋል። የሚናገረውም መሬት ላይ ያለ ችግር ነው። እናትዎ በራሳቸው አፍ «ደከመኝ» ቢሉ የሚሰማቸው አልነበረም። በዛሩ አፍ ሲሉት ግን ቤቱ ሁሉ ታዘዘ።

ፈረንሳያዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ከዳካር ጂቡቲ ተልእኮ ጋር መጥቶ ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ ነበር። ዛር በሚወርድበት ቤት ውስጥ እየዋለ ያየውን ጻፈ። እሱም ማስመሰል ነው ወይስ እውነት ነው በሚለው መካከል ያለውን ሰፊ ቦታ ነው ያየው። ያው ተልእኮ የአባ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ነቅሎ ፓሪስ ወስዷል፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ይህ ይከነክነኛል።


የሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅ

ስለ ድምፅና ስለ ጥላ ስታወሩ ደስ ብሎኝ ነበር የተከታተልሁት። አሁን ያልተነሣውን ላንሳ። ቡዳ።

አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ ትሠራለች። ቅዳሜ ገበያ ይዛ ትወጣለች። ሰው መጥቶ ጀበናውን ያነሣል፣ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፣ ስንጥቅ እንደሌለው አይቶ ይገዛል። በዚያው እጁ ልጁን ነጠላ ውስጥ ይሸፍናል። እንዳታይበት ነው። አያቴ ይህን ታውቃለች። ሕፃን ያዘለች ሴት ከሩቅ ስትመጣ ቀድማ አንገቷን ትደፋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የጎረቤት ሕፃን ቀና ብላ አላየችም። የእኛን የልጅ ልጆቿን ግን ፊታችንን በሁለት እጇ ይዛ ነበር የምታየን፤ ጭቃ ጭቃ በሚሸት እጇ።

አንድ ክረምት የጎረቤት ልጅ ታመመ። ትኩሳት፣ መቀባዠር። ጢስ አጤሱበት። «ማን ነህ? ከየት ያዝኸው?» እያሉ ሲጠይቁት አደሩ። ልጁ የአያቴን ስም ጠራ። ለምን አይጠራ? ከተወለደ ጀምሮ እየሰማው ያደገው ስም ነው። በማግሥቱ ምንጭ ላይ ከአያቴ ጎን የቆመ ሴት አልነበረም። ልጁን በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ወባ ነበር፣ ዳነ። ለአያቴ ግን መጥቶ ይቅርታ ያላት የለም።

ይህ ነገር ረጅም ዕድሜ አለው። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ። በዚያ የራስ ሚካኤል ዘመን የተገደለ ሰው ሬሳ ሳይቀበር ይጣል ነበር። ጅብ ከምሽት እስከ ንጋት ከተማውን ይሞላው እንደነበር ብሩስ ጽፏል። ሰዉ ደግሞ እነዚያ ጅቦች ከተራራው በአስማት ተለውጠው የሚወርዱ ቤተ እስራኤሎች ናቸው ብሎ ያምን እንደነበር ጽፏል። እስኪ አስቡት። ሬሳውን መንገድ ላይ የጣለው ቤተ መንግሥቱ ነው። ጅቡ የመጣው ለሬሳው ነው። ጥፋቱ የተለጠፈው ብረት ቀጥቅጦ፣ ሸክላ ሠርቶ በሚያድረው ሰው ላይ ነው። እነዚያው ሰዎች ለጎንደር ነገሥታት ግንበኛና ብረት ሠሪ ነበሩ።

ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው ዐዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እዚህ ጎንደር አጠገብ ወለቃ መንደር የነበሩት ቤተ እስራኤሎች አብዛኞቹ ከ1984 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ስድቡ ግን አብሯቸው አልሄደም፤ እዚሁ ቀርቶ ሌላ ሸክላ ሠሪ ይፈልጋል።


ማዶ ሰፈር

ወንድሜ፣ በአያትህ የደረሰው ያሳዝናል። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ቡዳ አለ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ታናሽ እህቴ ስትታጠን በማናውቀው ድምፅ ተናገረች፣ የሰው ስም ጠራች፣ ከዚያ ዳነች። ይህን ካላየህ አትፈርድም።


የሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅ

እህትህ መዳኗ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ። ሌሊቱን ሙሉ በጢስ ታፍና «ማን ነው?» የተባለች ልጅ እስኪለቋት ድረስ የሆነ ስም ትጠራለች። አንተም እኔም ብንሆን እንጠራለን።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሰማኸው ሁሉ ውስጥ የተለፈለፈው ስም የሀብታም ነጋዴ ሆኖ ያውቃል? የባለሥልጣን? የሹፌር? ሁልጊዜ የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪዋ፣ የሸማኔው፣ ብቻዋን የምትኖረው መበለት ነው። መንፈስ ቢሆን ኖሮ የሰውን ሥራ እየመረጠ አይገባም ነበር። እየመረጥን ያለነው እኛ ነን።


ማዶ ሰፈር

የነጋዴ ስም ሲለፈለፍ ሰምቼ አላውቅም። እሱ እውነት ነው። ያየሁትን ግን አይቻለሁ። ላስብበት።


አዘዞ ያሉ እናት

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ እግዚአብሔር አያትህን በአብርሃም እቅፍ ያኑራት። እኔም ልጄን ነጠላ ውስጥ የሸፈንሁ ሴት ነኝ። እንዲህ ነበር የነገሩን። የልጅ ልጆቼ ይህን እንዲያነቡ ነግሬአቸዋለሁ።


የግንቡ ጎረቤት

መምህር፣ ጉጉቱን ለአባቴ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ሊሆን ይችላል፣ የክንፍ ድምፅ አልነበረም» አለ።

አንድ ነገር ግን ልመልስ። ቀይ ሽብር ጎንደርን እንዴት እንዳደረጋት የምናውቅ እናውቃለን። እኛ ሰፈር ልጇን ወስደውባት ሬሳውን ያልሰጧት እናት ነበረች። ማታ ማታ በሩን አትቀረቅርም። የልጇን ኮቴ ትሰማለች። «መጣ፣ ጫማውን እያወለቀ ነው» ትል ነበር። ለእሷም ጉጉት ነው ልትላት ነው? ማራገቢያ ነው?


ፊዚክስ አስተማሪው

አልላትም። ለእሷ የምለው ነገር የለኝም። በሯ ላይ አብሬ እቀመጣለሁ እንጂ።


ነርሷ ከማራኪ

የግንቡ ጎረቤት፣ ይህን ስለጻፍህ አመሰግናለሁ። በ1971 እ.ኤ.አ. አንድ የዌልስ ሐኪም ባላቸው ወይም ሚስታቸው የሞተባቸውን ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ የሞተው ሰው አጠገባቸው ያለ ይሰማቸዋል። ያዩ አሉ፣ ድምፁን የሰሙ አሉ፣ ያናገሩትም አሉ። አብዛኞቹ ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ አንዳንዶቹ እንዳይሳቅባቸው ፈርተው። ግን ብዙዎቹ ይህ አጽናንቷቸዋል። በሽታ አይደለም። ያቺ እናት ማባረሪያ አያስፈልጋትም፣ ጢስም አያስፈልጋትም። ስለ ልጇ የሚያዳምጣት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ከምግብ ከእንቅልፍ ከተለየች፣ ልሙት ካለች ያን ጊዜ ሐኪም።

ለሌሎቻችሁ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፊታችሁ ከወደቀ ክብሪት አትለኩሱ። አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ፣ ጥርሱን ትሰብሩታላችሁ። በጎኑ አዙሩት፣ ራሱ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ ድንጋይና እሳት አርቁለት፣ ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው በቶሎ ወደ ሕክምና። አረፋው በማንም ላይ አይጋባም፣ ሳትፈሩ እርዱት።


ማዶ ሰፈር

እህቴ፣ ስለ ታናሽ እህቴ ሁሉንም አልጻፍሁም። አሁንም አልፎ አልፎ ይጥላታል። ዳነች ያልሁት በመካከሉ ረዘም ላለ ጊዜ ትቶላት ስለነበር ነው። ጠበል እየወሰድናት ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዳ አታውቅም። ይዣት ብመጣ ጠበሉን አቁሙ ትሉናላችሁ?


ነርሷ ከማራኪ

አንልም። ጠበሏን ትቀጥል። ጦም ጸሎት ላይ ግን ምግብና እንቅልፍ አታጓድልባት፣ እንቅልፍ ማጣት ይጥላታልና። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የት እንደምትመጡ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ሲጥላት ካገኛችኋት አንድ ሰው እሷን ይርዳ፣ ሌላው በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጽ። ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ያ ይበልጣል። ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በየትኛው ጎኗ እንደጀመረ ጻፉ። የምትወስደው መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ካለ ይዛችሁ ኑ። ሲታዘዝላት ደግሞ ተሻላት ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡት። ብቻዋን ወንዝ አትውረድ፣ ምድጃ አጠገብም ብቻዋን አትተዋት።


ማዶ ሰፈር

እሽ እህቴ። አሁን ጻፍሁልሽ።